የቅዳሜው ተራ

ረቡዕ ረፋድ ላይ የኮሌጁ የሴቶች እግር ኳስ ቡድን ዋንጫውን በክፍት መኪና ጭኖ የሮቤን አስፋልት ሲዞር በረኛዋ አብራ አልነበረችም። በጎባ ሜዳ ሁለት ፍጹም ቅጣት ምት መልሳ ዋንጫውን ያመጣችው ልጅ በከተማው ጫፍ ባለ የስንዴ ማሳ ውስጥ፣ ጭቃው ቦቲዋን እየጎተተባት፣ ዝናብ ያስተኛውን ስንዴ በማጭድ ትቆርጥ ነበር። የባጃጆቹ ጡሩምባና የተማሪዎቹ ጭፈራ ከነፋሱ ጋር እየመጣ ጆሮዋ በገባ ቁጥር ጥርሷን ትነክሳለች።

ኢብቲሳም ማለት በዓረብኛ ፈገግታ ነው ይላሉ፣ የሚያውቁት። ያን ቀን ያያት ሰው ግን ስም ያወጣላትን ሳይታዘብ አያልፍም።

ቅዳሜ ዋንጫ፣ እሑድ በረዶ። ሰው እንዲህ ያለውን ነገር በማን ላይ ይናደዳል? በሰማይ ላይ? አባቷ ኦቦ ባዳሳ «አስታግፊሩላህ» እያሉ ከማሳው ማዶ ጎንበስ ብለዋል፤ እናቷ ዙቤዳ የተቆረጠውን እየሰበሰቡ በሸራ ላይ ያሰጣሉ። እሑድ ከሰዓት የጀመረው ዝናብ እስከ ማክሰኞ አልለቀቀም። ፍሬው ገሚሱ ረግፏል፤ ገሚሱ ደግሞ ገና ዛላው ላይ እንዳለ መብቀል ጀምሯል። ጭቃው ማሽን ስለማይሸከም የቀረውን በእጅ ከማትረፍ በቀር ሌላ መላ አልነበረም። መሬቱ የእኩል ነው፤ ከምርቱ ግማሹ ለባለ መሬቱ ይገባል። የቀረው ግማሽ የዓመቱ ቀለብና የኢብቲሳም ትምህርት ነበር። «ነበር» ማለት ከዚያ ወዲህ በቤታቸው የተለመደ ቃል ሆኗል።

ለነገሩ ቅዳሜ ጎባ ትሄዳለች ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ እሷ ራሷም አላሰበችም። ቡድኑ ከጥቅምት ጀምሮ ስምንት ጨዋታ አድርጎ ነበር፤ ጊኒር ድረስ በሚኒባስ ተጠቅጥቀው ሄደው አሸንፈው ተመልሰዋል። በስምንቱ ጨዋታ የኢብቲሳም መረብ የተነካው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። ተከላካዮቿን ስትቆጣ ድምጿ ገበያው ድረስ ይሰማል ይባል ነበር። አሰልጣኙ ኃይለገብርኤል «ይህችን ልጅ ኳሱ ራሱ ይፈራታል» ይላል። የፍጻሜው ጨዋታ ቅዳሜ ዋለ። ስንዴ አጫጁ ኮምባይነርም ለኦቦ ባዳሳ ማሳ የሰጠው ተራ ቅዳሜ ዋለ።

የኮምባይነር ተራ ምን እንደሆነ የሮቤ ሰው ያውቀዋል። ማሽኑ ጥቂት፣ ማሳው ብዙ፣ የታኅሣሥ ሰማይ ደግሞ የማይታመን ነው። የትንሽ ማሳ ባለቤት ትልልቆቹ እስኪጨርሱ ደጅ ይጠናል፤ ቀኑ ሲቆረጥለት ያን ቀን ሠርግም ቢሆን ለቅሶም ቢሆን ቤተሰቡ በሙሉ ማሳው ላይ ነው። ጆንያ የምትሰፋው ኢብቲሳም ነበረች።

ስለዚህ ለፈሪድ ጻፈችለት። ስልክ የላትም፤ የቤቱ ስልክ በእናቷ መቀነት ተቋጥሮ የሚውል ነው፤ ፍቅራቸው የኖረው በወረቀት ነው። ፖስተኛዋ የቡድኑ አምበል ሴና ናት። ፈሪድ በኮሌጁ ሚኒ ሚዲያ ኳስ የሚያስተላልፈው ልጅ ነው። አባቱ ሐጂ ዘይነዲን ተራውን የሰጠውን ጨምሮ የሁለት ኮምባይነር ጌታ ሲሆኑ፣ የእሷ አባት ግን የአንድ ፈረስና የአንድ ጋሪ ጌታ ናቸው። ይህን ሁለቱም ያውቁት ነበር፤ ግን እሷ ኳስ ይዛ ስትነሣና እሱ ማይክራፎን ይዞ ሲያያት ለጥቂት ጊዜ የሚረሳ ነገር ነበር።

«ቅዳሜ አልሄድም» ብላ ጻፈች። «ተራችን ነው። አባቴን ልጠይቃቸው አልደፍርም፤ እምቢ እንደሚሉ አውቃለሁ። ሌላ በረኛ ስታይ ስሜን አታንሣ፤ አለቅሳለሁ።»

ዓርብ ከሰዓት ግን የኮምባይነር ተራ የሚያስይዘው ደላላ መጥቶ፣ ኮምባይነሩ ተሰብሯል፣ ሰኞ ነው የምትታጨዱት አለ። ኦቦ ባዳሳ ሰማዩን ቀና ብለው አዩ፤ ጥርት ያለ ነበር። ወደ ልጃቸው ዞረው «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ እንግዲያውስ ሂጂ ተጫወቺ» አሉ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አገር ያውቀዋል። ሁለተኛውን ፍጹም ቅጣት ምት ይዛ መሬት ላይ ስትንከባለል በሕይወቷ እንደዚያ ሳቃ አታውቅም።

ረቡዕ ረፋድ የኮምባይነሩ ሹፌር ደራራ በሞተር ሳይክል መጣ። ማሳው ማሽን ይችል እንደሆነ ሊያይ ነው። ጭቃውን በእግሩ ረግጦ ራሱን ነቀነቀና ወደ ኢብቲሳም ዞረ።

«አካም ጂርታ፣ ኢብቲሳም? እንኳን ደስ ያለሽ!»

«ደስታውን ተወው። ማሽኑ ተሠራ?»

«የቱ ማሽን?»

«የተሰበረው ነዋ! ዓርብ ተሰበረ ብላችሁ አይደል ለሰኞ ያዞራችሁን?»

ደራራ ግራ ገባው። «ማነው ተሰበረ ያለሽ? ቅዳሜማ ከጠዋት እስከ ማታ የሐጂን ማሳ ስናጭድ ዋልን። የእናንተን ወደ ሰኞ አዙረው ተባልኩ፤ አዞርኩ።»

«ማነው ያለህ?»

«ከቤታቸው ነው የተደወለልኝ። እኔ ምን አገባኝ፣ ሠራተኛ ነኝ።» ይህን ብሎ ፊቷን ሲያይ ነገር እንዳበላሸ ገባውና ሌላ ቃል ሳይጨምር ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ።

ደሟ ፈላ። ሦስት ቀን ሙሉ በሰማይ ላይ የተናደደችው ለካ በከንቱ ነበር! ሐጂ ዘይነዲን ሁለት ኮምባይነርና ዓይን የማይጨርሰው ማሳ እያላቸው የአንድ ባለ ጋሪ ተራ ነጠቁ፤ የእሳቸው ስንዴ ጎተራ ገባ፣ የባዳሳ ስንዴ ጭቃ ውስጥ ቀረ። ለአባቷ አልነገረችም። ብትነግራቸው «አላህ ያውቃል» ብለው ወደ ሥራቸው እንደሚመለሱ ታውቃለች፤ እሷ ደግሞ ያን ሰዓት አላህ ብቻውን እንዲያውቅ አልፈለገችም። ማጭዱን ወርውራ እስከነጭቃዋ ወደ አስፋልቱ ወጣች። ያን ጊዜ እንኳን ባጃጅ፣ ነብርም ብታገኝ ትጋልብ ነበር።

በኮሌጁ ግቢ ዋንጫው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፣ ተማሪው ከብቦታል። ፈሪድ በማይክራፎን «ዘጠኝ ጨዋታ፣ ሦስት ጎል! እሷን ማለፍ ማለት ግንብ በግንባር መግፋት ነው!» እያለ ነበር። ዓይኑ በሕዝቡ መሐል ከዓይኗ ጋር ተጋጨ። ድምፁ ተቆረጠ። ሰው ሁሉ ማይክራፎኑ የተበላሸ መስሎት ወደ ድምፅ ማጉያው ዞረ፤ እሱ ግን አፉን ከፍቶ ቀረ። ጭቃዋን አየ፣ ፊቷን አየ፣ ከዚያ መሬቱን ማየት ጀመረ።

ሴና እየሮጠች መጥታ ክንዷን ያዘቻት። «የት ጠፋሽ? ይኸው፣ ፈሪድ ሰኞ የሰጠኝ ደብዳቤ ነው፤ ትምህርት ቤት ስትጠፊብኝ በምን ላድርስልሽ?»

«ደብዳቤ!» አለች ኢብቲሳም፣ ሰው እስኪዞር ድረስ። «አባትየው ተራችንን ሰርቀው፣ ልጅየው ፍቅር ይጽፍልኛል?»

ልትቀደው ነበር። ይልቁንም ከፈተችው። አንዴ የታወቀ ጽሕፈት ዓይን ውስጥ ከገባ ሳያነቡት መተው አይቻልም።

«ኢብቲሳም፣ ይህን ስትጨርሺ ትጠይኛለሽ። ኮምባይነሩ አልተሰበረም። ለደራራ የደወልኩት እኔ ነኝ፤ ተሰበረ እንዲል ደላላውን የለመንኩት እኔ ነኝ። አባቴ አያውቁም። አልሄድም ያልሽበትን ደብዳቤ ኪሴ ይዤ ስዞር፣ ሁለት ቀን ምን ያመጣል ብዬ አሰብኩ። ሰማዩ ወላሂ ጥርት ያለ ነበር። በረኛ ሆነሽ እንድትቆሚ ፈልጌ ነው። እሑድ በረዶው ቆርቆሯችንን ሲቀጠቅጠው የማደርገው ጠፍቶኝ አለቀስኩ። ፈሪድ።»

ሁለቴ አነበበችው። ሐጂ ቢሆኑ ኖሮ እንዴት ቀላል ነበር! ባለጸጋ ደሃን ሲበድል ያለ ነው፤ ትረግመዋለህ፣ ይወጣልሃል። ይህ ግን ራሷ የመረጠችው ሰው ነው። ዋንጫው፣ ሳቁ፣ መሬት ላይ መንከባለሉ፣ ሁሉም በአባቷ ስንዴ ላይ የተደረገ ነበር፤ እሷም ሳታውቅ ስትስቅ ዋለች። ከንዴቱ ይልቅ ያ ኀፍረት አንገበገባት።

ፈሪድ ማይክራፎኑን ለሌላ ሰው ሰጥቶ ከሚኒ ሚዲያው ክፍል ጀርባ ጠበቃት። ያን ያህል ድፍረት አላጣም።

«አለቀስኩ ትላለህ?» አለችው ሳትደርስበት። «ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል!»

«ለአንቺ ብዬ ነው፣ ኢብቲ...»

«ኢብቲ አትበለኝ! ለእኔ ብለህ ከሆነ ለምን ለእኔ አልነገርከኝም? ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት! ተራችንን አዙርልኝ ብዬሃለሁ? ለምኜሃለሁ? አልሄድም ብዬ ነው የጻፍኩልህ። እያነባሁ ነው የጻፍኩት፤ ግን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የእኔ ውሳኔ ለአንተ ምንህም አይደለም ማለት ነው?»

«ጨዋታው ሲቀርብሽ ማየት አልቻልኩም።»

«ማየት ያልቻልከው አንተ፣ የከፈልነው እኛ! ለምን የአባትህን ማሳ ለሰኞ አላዞርክም? አላሰብከውም። የሰው ተራ ማዘዋወር ለእናንተ አንድ ስልክ ነው፤ ለእኛ አንድ ዓመት ነው። እናቴ አሁን ከጭቃ ውስጥ ፍሬ እየለቀመች ነው፤ ታውቃለህ? አንድ በአንድ! አንተ ደግሞ እዚህ ግንብ እያልክ ታወድሰኛለህ!»

የፈሪድ ዓይን እንባ ሞላ። አሳዘናት፤ ስላሳዘናትም ይበልጥ ተናደደች።

«እክሳለሁ» አለ። «ከጎተራችን አስጭኜ፣ ከጠፋባችሁ እጥፍ...»

«የአባትህን ስንዴ?»

«እሺ፣ ሽማግሌ እልካለሁ። ትልልቅ ሰዎች አባትሽ ፊት ይቁሙልኝ፣ ይቅርታ ይጠይቁልኝ።»

ኢብቲሳም ሳቀች፤ ደስ የማይል ሳቅ ነበር። «ዓርብ ደላላ ላክህ። ሰኞ ደብዳቤ ላክህ። አሁን ደግሞ ሽማግሌ! አንተ መላክ እንጂ መምጣት የሚባል ነገር አታውቅም?»

ፈሪድ ቀስ ብሎ «እኔ ከመጣሁ አባትሽ ስለ እኛ ያውቃሉ» አለ። «ከኮሌጅ ያስቀሩሻል። በእኔ ምክንያት ትምህርትሽን...»

«አሁንም ለእኔ ልታስብልኝ ነው?» ድምጿ ተሰበረ። «ስንዴው ሄዶ ኮሌጁ በምን ይቀጥላል? አባቴ ማን እንደበደላቸው የማወቅ መብት አላቸው። የሚያስቀሩኝ ከሆነ እኔ ራሴ ሰምቼ ልቅር። ትወደኝ እንደሆነ ተነሥና በእግርህ ና፤ አትወደኝም እንደሆነ ለማልቀሱ የራስህ ቤት አለህ።»

ይህን ብላ ፊቷን አዞረች። በሩን እስክትወጣ ኋላዋን አላየችም። ልቧ ግን ጆሮ ሆኖ ነበር፤ የእግሩን ኮቴ ሲሰማ ጊዜ አንዴ ዘለለ፣ እሷም በገዛ ልቧ ተቆጣች።

በአንድ ባጃጅ ሄዱ፤ እሷ ከኋላ፣ እሱ ከሹፌሩ ጎን ተጣብቆ። ሹፌሩ ስለ ዋንጫው ሊጫወት ሁለቴ ሞክሮ፣ የሚመልስለት ሲያጣ ራዲዮኑን ከፈተ። በመስታወቱ ውስጥ ዓይናቸው ሲገናኝ እሷ ትቆጣለች፣ እሱ ይሰበራል። መንገዱ እንደዚያ ረዝሞባት አያውቅም።

ማሳው ጋ ሲደርሱ ኦቦ ባዳሳ ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉ። ዙቤዳ ሻሻቸውን አስተካከሉ። የሐጂ ዘይነዲንን ልጅ በሮቤ የማያውቀው የለም፤ ልጃቸው እስከነጭቃዋ ከጎኑ ቆማለች።

ፈሪድ ለሰላምታ አጎነበሰና ቀና ማለት ተሳነው። «ኦቦ ባዳሳ፣ ኮምባይነሩ አልተሰበረም ነበር» አለ። «ተራዎን ወደ ሰኞ ያዞርኩት እኔ ነኝ። አባቴ አያውቁም፣ ኢብቲሳምም አታውቅም፤ ዛሬ ነው የሰማችው። ጎባ ሄዳ እንድትጫወት ብዬ ነው። እወዳታለሁ። ለዚህ ስንዴ ተጠያቂው እኔ ነኝ።»

«ያ ረቢ!» አሉ ዙቤዳ፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው።

ኢብቲሳም አባቷን አየች። የጋሪው ፈረስ ሲያስቸግር እንኳን የማይጮኹ ሰው ናቸው። ያን ጊዜ ግን የአንገታቸው ሥር ተገታተረ።

«ማን ሾመህ?» አሉ። «አንተ ልጅ፣ በእኔ ቤት ላይ ማን ሾመህ? ዓርብ ዕለት አራት ጎረቤት ለደቦ ጠርቼ ነበር። ጆንያውን እነሱ ሊሰፉ፣ እሷ ጎባ ልትሄድ። ማታ ልነግራት ቸኩዬ ስመጣ ደላላው ቀደመኝ። ተሰበረ ሲለኝ ጎረቤቶቼን አመስግኜ በተንኳቸው።»

ፈሪድ እንደተመታ ሰው ወደ ኋላ አንድ እርምጃ አፈገፈገ።

«እኔ ኳስ አላውቅም» ብለው ቀጠሉ ኦቦ ባዳሳ። «ግን ጋሪዬ ላይ የተሳፈረ ሁሉ ስለ በረኛዋ ነው የሚያወራው። ልጄ ናት እላለሁ፣ አያምኑኝም። ጨዋታው መቼ እንደሆነ ከተሳፋሪ ነው የሰማሁት።» ከዚያ ወደ ኢብቲሳም ዞሩ። «አንቺስ? እሱ ባዕድ ነው፣ ባያውቀኝ አይገርምም። አንቺ ለምን አልጠየቅሽኝም? እምቢ እንደምል ማን ነገረሽ?»

ቀኑን ሙሉ «ለምን አልጠየቅከኝም» እያለች ስትጮህ የዋለችው ልጅ ያው ጥያቄ ዞሮ ደረሳት። ያለ ኮምባይነሩ ውሸት ትጫወት ነበር። ስንዴውም ይተርፍ ነበር። አንድ ቃል፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ይበቃ ነበር። ፈሪድ ሳይጠይቃት ለእሷ ወሰነ፤ እሷም አባቷን ሳትጠይቅ ለእሳቸው መልሳ ነበር። በጉልበቷ ጭቃው ላይ ተቀመጠችና ከሰኞ ጀምሮ አፍና የያዘችውን ለቅሶ ለቀቀችው። ዙቤዳ መጥተው ራሷን ደረታቸው ላይ አስጠጉ።

ኦቦ ባዳሳ ወደ ፈሪድ ሳያዩ «ሂድ አልልህም፣ ቅርም አልልህም» አሉ። «ይቅርታዬ ዛሬ የለም፤ ነገም አትጠብቀው። ስለ ትምህርቷ እኔና እሷ እንነጋገራለን፤ አንተ አትግባበት። አሁን ሥራ አለኝ፤ ሰማዩ እንደገና ይጠቁራል።» ብለው ጎንበስ አሉ።

ፈሪድ የሚሄድ መስሏት ነበር። ጫማውን አውልቆ ቦዩ ዳር አኖረውና ሱሪውን ጠቅልሎ ወደ ጭቃው ገባ። ማጭድ የሰጠው የለም፤ የተኛውን ስንዴ በባዶ እጁ ቀና እያደረገ ከተቆረጠው ጋር ያስር ጀመር። እስሩ አያምርም ነበር፤ በየሁለት እርምጃው ይፈታበታል። ዕድሜውን ሁሉ የስንዴ ልጅ ሆኖ ስንዴ አስሮ አያውቅም።

ኢብቲሳም ዓይኗን ጠርጋ ማጭዷን አነሣችና በአጠገቡ አልፋ ሄደች። «ሂድ እኮ ነው የምልህ» አለችው በዝቅተኛ ድምፅ፣ አባቷ እንዳይሰሙ።

«ሰምቻለሁ» አለ፣ ቀና ሳይል።

«አልታረቅሁህም።»

«አውቃለሁ።»

ከእሱ በጣም ርቃ መቁረጥ ጀመረች። ንዴቷ አልበረደም፤ ለሳምንትም የሚበርድ አልመሰላትም፤ በእሱ ላይም በራሷ ላይም ነበረባት። ሆኖም በየጊዜው ወገቧን ልታሳርፍ ይመስል ቀና ትላለች። መሄዱን ለማየት ነው እያለች ለራሷ ትዋሻለች። ቀና ባለች ቁጥር እዚያው ጎንበስ ብሎ ታገኘዋለች፤ ባገኘችው ቁጥርም ትናደዳለች፤ ከንዴቷ በታች ደረቷን የሚያሞቀውን ነገር ግን ያን ቀን አላህን ራሱን ፈርታ ካልሆነ በቀር ለማንም አትናገረውም ነበር።